ሳይመሩ የቀሩት የጉዞ መሪ፣ የጋሽ አቤት የሕይወት ታሪክ

ሁላችሁም ጋሽ አቤት የምትሏቸው ታላቅ ወንድሜ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከልብስ አጣቢዋ እናታችን በ1955 ዓ.ም. ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤታችን ተወለዱ። ለቤቱ በኩር ነበሩ። ይህን የምጽፈው እኔ ተከታያቸው ነኝ። ከዩኒቨርሲቲው ተዘጋጅቶ የመጣ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ነበረ፤ “በትጋት አገልግለዋል” ይላል። እንደዚህማ ለበቅሎም ይባላል። ስለዚህ እኔው ጻፍኩት። ፊደል ብገድፍ ቤታችን ሁለት ተማሪ መቻል ስላቃተው ነውና ይቅር በሉኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሰፈራችን ባለው ትምህርት ቤት ገብተው ከአንድ እስከ ሦስት እየወጡ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። እኔ አምስተኛ ክፍል ስደርስ የአባታችን ዓይን ደከመና ክር በመርፌ ማስገባት አቃታቸው። ከሁለት አንዳችን መቆም ነበረብን። ማን እንደቆመ ለማወቅ የፈለገ እጄን ይመልከት፤ የቤት ቀለም ከጥፍሬ ሥር እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ወንድሜ በ1973 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በጂኦግራፊ በማዕረግ ተመርቀው እዚያው ረዳት መምህር ሆነው ቀሩ። የምረቃቸው ዕለት በተነሳው የቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ እኔ የለሁም። ካሜራውን ያዝ ተብዬ ነው።

በ1979 ዓ.ም. የሕይወታቸው ነገር ተበላሸ። በጊዜው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር ተማሪዎች ይዘው ለመስክ ትምህርት ወደ ጎረቤት አገር በአውቶቡስ ሲሄዱ ወንድሜን ረዳት አድርገው ወሰዷቸው። ድንበሩን ተሻግረው አንድ ወንዝ ዳር ምሳ በሉ። የመሄጃው ሰዓት ሲደርስ ፕሮፌሰሩ ከፊት ወንበራቸው ሳይነሱ “ቁጠርና እንሂድ” አሏቸው። ወንድሜ ከበሩ ላይ ቆመው ራስ ቆጠሩ፤ ልክ መጣ፤ አውቶቡሱ ተነሳ። ከኋላ ወንበር ጃኬት ተከናንቦ የተኛው ተማሪ ሳይሆን የሾፌሩ ረዳት መሆኑ የታወቀው ማታ ማደሪያቸው ሲደርሱ ነው። የቀረው ልጅ እጁን ሊታጠብ ወርዶ ኖሯል። ዓሣ አጥማጆች እንደተናገሩት አውቶቡሱን በሩጫ ተከተለ፤ አልደረሰበትም። ከዚያ መንገዱ በሚዞርበት በኩል እቀድመዋለሁ ብሎ ወንዙ ውስጥ ገባ። በማግስቱ አስከሬኑን ያወጡትም እነሱው ናቸው።

በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው የቆጠረው ሰው ስም ነው። ቁጠር ያሉት ሰው ዲን ሆኑ።

የልጁ አባት ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ግቢው በር ላይ መጥተው ወንድሜን አስጠሯቸው። ዘበኞቹ ይመቷቸዋል ብለው ተጠግተው ቆሙ። ሰውየው ግን አልመቱም፤ አልተሳደቡምም።

“ልጄ፣ በስሙ ጠርተኸው ነበር?” ብለው ብቻ ጠየቁ።

ሰውየው ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ የኖሩት ለዚያ ጥያቄ ነው። ለእኛ የተረፈን ትርፍራፊው ነው፤ ይህን ስል ባለቤታቸውም ልጆቻቸውም አይቀየሙኝ፤ ያውቁታል።

በ1982 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲውን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። በሠርጋቸው እኔ ከሾፌሮቹ ጋር እንድቀመጥ ተደርጌአለሁ። ደግነቱ ምግቡ ቀድሞ የደረሰው እዚያ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሚሄዱ ተማሪዎችና ይዘዋቸው የሚሄዱ መምህራን የሚዘጋጁበት አንድ ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባለው ምድር ቤት እንዲከፈት ለምነው አስከፈቱ። መስኮት የሌለው፣ የውኃ ቧንቧ በጣሪያው የሚያልፍበት፣ ክረምት ከበጋ የሚያንጠባጥብ ክፍል ነው። ግድግዳውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ወለሉ ላይ የአውቶቡስና የአውሮፕላን ወንበር፣ በርና መተላለፊያ በነጭ ቀለም ያሰመርኩትም እኔ ነኝ። ሲመረቅ ዲኑ የጥገና ክፍሉን አመሰገኑ።

ወንድሜ እዚያ ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ አስተማሩ። ራስ መቁጠር ክልክል ነበር። መሪው የእያንዳንዱን ተማሪ ስም ይጠራል፤ ተማሪው ፊቱን አዙሮ “አቤት” ይላል፤ መሪው ፊቱን አይቶ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው። ለጓደኛው “አለ” ብሎ የመለሰ ከክፍል ይባረራል። ጋሽ አቤት የተባሉትም በዚህ ነው። የልጆቻቸውን ስም ጠርተው ነው እራት የሚያቀርቡላቸው እያሉ ተማሪዎቹ ያሟቸው ነበር። ሐሜት አይደለም፤ አይቻለሁ። ደግሞም ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሄዳል። የጠፋ ሰው ጓደኞቹን መጨረሻ ካየበት ቦታ አይነቃነቅም፤ እሱን ፍለጋ የሚመለሱት እነሱ ናቸው። መኪና በሌላው በኩል በሚነዳበት አገር መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ፣ ፖሊስ ሲያስቆም ምን እንደሚባል፣ ጓደኛ ራሱን ሲስት እንዴት በጎኑ እንደሚተኛ ሁሉ አስተማሩ። ከሁሉ የጠበቀው ደንባቸው ግን ስለ ሕመም ያወጡት ነው። በሰው አገር የወደቀ ሰው በጓደኞቹ ላይ ነው የሚወድቀው ይሉ ነበር፤ ስለዚህ ሕመሙን የደበቀ አይሳፈርም፣ መሪም ቢሆን።

ልምምድ ሲያደርጉ መናኸሪያው ይወርዱ ነበር። አንድ ቀን እኔን ታማሚ አድርገው ወለሉ ላይ አስተኙኝ። ተማሪዎቹ ሊያነሱኝ ሲሯሯጡ ዲኑ በዚያ ሲያልፉ አይተውኝ “ይሄ ቀለም ቀቢ ዛሬም ጠጣ?” አሉ። ወንድሜ አጠገቤ ቆመው ሰምተዋል። ወንድሜ ነው አላሉም።

ዲኑ በየዓመቱ የመሪ ምርጫ ሲመጣ ያንን የድሮ ሪፖርት እየጠቀሱ ወንድሜን ያስቀሩ ነበር። ወንድሜ ያዘጋጃሉ፤ ወጣት መምህራን ይሄዳሉ። ሲመለሱ ከአውሮፕላን ማረፊያ የቁልፍ መያዣ ያመጡላቸዋል። በር ለተዘጋበት ሰው የቁልፍ መያዣ ስጦታ ነው ወይስ ስድብ፣ እናንተ የተማራችሁት ፍረዱ። እሳቸው ግን እያመሰገኑ ይቀበሉ ነበር፤ “ሁሉም ተመለሱ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ ተመልሰዋል ሲሏቸው ወደዚያ ጉድጓዳቸው ይወርዳሉ።

በ2014 ዓ.ም. ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ተማሪያቸው የነበረች ወጣት መምህርት ዲን ሆነች። የዓመቱን ጉዞ እሳቸው ራሳቸው እንዲመሩ ወሰነች። እኔ ቤት መምጣት የማያዘወትሩት ወንድሜ የዚያን ቀን መጡ። በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጠው “ሰጡኝ” አሉኝ። አዲስ ጫማ አድርገው ነበር። ሳያቸው፣ ከልጅነታችን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያላስቀኑኝ ያን ቀን ነው።

ሕመሙ ግን ቀደም ብሎ ጀምሯቸው ኖሯል። ያወቀችው የግቢው ነርስ ብቻ ናት፤ ተጓዦችን የምትመረምረው እሷ ነች። ሆስፒታል ከተኙ በኋላ እያለቀሰች እንደነገረችን፣ ሆዳቸውን ዳስሳ ደነገጠችና ሆስፒታል እንዲገቡ ለመነቻቸው።

“ጋሼ፣ ደንቡን ያወጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?” አለቻቸው።

“ደንብ ጊዜ ላለው ሰው ነው፣ ልጄ። ይቺን አንዷን መርቼ ልመለስና እንደፈለግሽ ታስተኚኛለሽ” አሏት።

እሷም አፏን ያዘች። እዚህ መካከላችን ቆማለች፤ በድንጋይ የሚወግራት ካለ እኔ አልተባበርም። ወንድሜን እምቢ ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የማውቅ ሰው ነኝ።

የመነሻቸው ዕለት ተማሪዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ከወላጆቻቸው ጋር በግቢው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ወንድሜ በአዲሱ ጫማቸው ቆመው ስም መጥራት ጀመሩ። ግማሽ እንኳ ሳይደርሱ ድምፃቸው ሰለለ፤ ምሰሶውን ተደግፈው ደም አስመለሱ። ያኔ አንዲት እናት ልጇን በክንዱ ይዛ ጎተተችው።

“ራሱን ያልጠበቀ ሰው ልጄን ሊጠብቅ ነው?” አለች።

ሌሎቹም ወላጆች ልጆቻቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ጉዞውን ሰረዘ። ወጣቷ ዲን ከኃላፊነቷ ተነሳች። የምድር ቤቱም ክፍል ተዘግቶ ዛሬ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆኗል።

ሆስፒታል ገብተው እንደነቁ መጀመሪያ የጠየቁት ልጆቹ ሄዱ ወይ ብለው ነው። ባለቤታቸው እንዳይከፋቸው ብላ ሄደዋል፣ አታስብ አለቻቸው። ደስ የሚላቸው መስሏት ነው። እሳቸው ግን ከትራሳቸው ተነስተው “ማን ይዟቸው ሄደ?” አሉ። ለዚህ የተዘጋጀ አልነበረም። ልጃቸው አፉ ላይ የመጣለትን፣ ዲኗ ናት አለ። “እሷ ወረቀት ነው የምታየው፤ ፊት አታይም” ብለው ጉሉኮሱን ነቅለው ሊወርዱ ሲሉ በስንት ትግል አስተኛናቸው። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አላገኙም። ጠያቂ በገባ ቁጥር ደወሉ ወይ፣ የታመመ አለ ወይ ይላሉ። ደውለዋል፣ ደህና ናቸው ሲባሉ ስማቸውን አንድ በአንድ ንገሩኝ ይላሉ። ከእኛ መካከል የተማሪዎቹን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ስንል አንዱ ልጅ እንደቀረ ቆጥረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

እኔ እውነቱ ይነገራቸው ብዬ ነበር። ባለቤታቸው ወደ ኮሪደሩ አውጥታ “አንተ ደግሞ፣ ልትገድለው ነው?” አለችኝ። ልጆቻቸውም ደገፏት፤ አምስተኛ ክፍል ካቆመ ሰው ምክር አይወሰድም። እነሆ ሳንገድላቸው ሞቱ። ያልሄደ ሰው መንገድ ላይ ሲፈልጉ፣ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ። ወንድምም ነበራቸው።

ላስታመማችሁ፣ ለጠየቃችሁ፣ አስከሬናቸውን ለሸኛችሁ ሁሉ ቤተሰባቸው ያመሰግናል። ቀብራቸው ላይ ለመገኘት ጊዜ ያልበቃቸውን የቀድሞውን ዲንም ጭምር። ተቀይማችሁም ቢሆን የመጣችሁ ተማሪዎች፣ መከፋታችሁ ተገቢ ነው፤ አልከራከርም።

የነፍስ ባለቤት የሆነው ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፋት። እኛ ያልነገርናቸውን እሱ ይንገራቸው፦ ልጆቹ አልሄዱም። እያንዳንዳቸው በየእናታቸው ቤት ናቸው።