የተላጨ ራስ

ዲላ፣ ኅዳር 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ፦

እንደምን ሰንብተሃል? ኤምባሲው፣ ሥራው፣ የኒው ዴልሂ ኑሮ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አልቆም ብሎ ኮንጋ ቀበሌ ያለው ቡናችን ከነእርጥበቱ እየተለቀመ ነው። ደህና ነን ያልኩህን ግን ለልማዱ ያህል ያዝልኝ፤ ፎቶግራፍህ ከደረሰን ወዲህ እንኳን ደህንነቴን ዕለቱንም አላውቀው።

ምን ብለህ ነው የላክኸው? ራስህን ሙልጭ አድርገህ ተላጭተህ፣ ቢጫ ጨርቅ ተጠቅልለህ! ጎረቤታችን የሺሃረግ ገና ስታየው ደረቷን ደቃች፤ «ሰምቷል! ማነው የነገረው?» አለች። የእድሩ ዳኛ አቶ ዘነበ ደግሞ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ይህማ የመነኩሴ ወይባ ነው፣ ዲፕሎማት ልከን ባሕታዊ ሊመልሱልን ነው አሉ። እኔ የማንን እንደምቀበል አጥቼ መሀል ቤት ቀረሁ።

ከፎቶው ጀርባ ላይ፣ ለቡድሃ ጥናትህ የሦስት ወር ፈቃድ ወስደህ ከመነኮሳቱ ጋር እንደተቀመጥክ ጽፈሃል። ቀጥለህም «የተወለደ ሁሉ ያልፋል፤ የሚያሳዝነን አጥብቀን መያዛችን ነው» ትላለህ። ስንት ጊዜ አነበብኩት! የተማርከውን እያስተማርከኝ ነው ወይስ እያጽናናኸኝ? እያስተማርከኝ ከሆነ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታጠና ዝም ብለህ ዛሬ ምን አመጣው? እያጽናናኸኝ ከሆነስ ማን ነገረህ? እኛ እንደሆንን፣ እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ አይጻፍም፣ በሰው አገር ብቻውን ማን ይይዘዋል ተባብለን አፋችንን ዘግተናል።

ምስኪን ሀጅራን ጠረጠርኳት። የምትደውልልን በሷ ሱቅ ስልክ አይደል? ክፉ ቃል ተናገርኳት። እሷም «ወላሂ ከአፌ አልወጣም! እናቴን አቅርቡልኝ ሲለኝ እንባዬ እየመጣ ስልኩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በሱቋ በር ማለፍ አፍራለሁ።

እኔንም ከሰኔ ጀምሮ አራት ጊዜ ጠይቀኸኛል። አራቴም እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች አልኩህ። ለአምስተኛ ጊዜ ስትደውል ግን ስለ ቡናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አጥሩ ጠየቅኸኝ እንጂ ስለ እሷ አልጠየቅኸኝም። ከፎቶው ይልቅ ግራ ያጋባኝ ይኸው ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ፈቃድህ ሲያልቅ፣ ወደ ኤምባሲው ከመመለስህ በፊት አገር ቤት ና። በቀጥታ ዲላ እንዳትወርድ፤ አዲስ አበባ አክስታችን ቤት እደር። እኔና አቶ ዘነበ በማለዳ እዚያ እንመጣለን። ለምን እንዳትለኝ።

በየደብዳቤዬ መጨረሻ የእማዬን ምርቃት ነበር የምጽፍልህ። ዛሬ የኔን ተቀበለኝ፦ እግርህን እንቅፋት አያግኘው፤ የሄድክበት መንገድ ይመልስህ፤ የሚያጽናና አምላክ ከአጠገብህ አይራቅ።

ጸጉርህን ግን እስክትመጣ አታሳድገው።

እህትህ