የጠፋው እስክሪብቶሽ

ስሚኝ አንቺ፣

ትናንት ጠዋት ጠፋ ብለሽ ዋርዱን ያመስሽበት እስክሪብቶ ተገኝቷል። እዚሁ ቤታችን ጠረጴዛው ላይ ነው። ሦስቴ በበረኪና አጥቤዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት አልጋ ስድስት ያሉትን እማማን ከተረኛዋ ነርስ ጋር ስናገላብጥ ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። ቆዳቸው ተልጧል፤ ሽታው አፍንጫዬ ላይ ቀርቷል። ቻርቱ ግን ትናንት ቀኑን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጠናቸዋል ይላል፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ብትነኪያቸው ኖሮ እስክሪብቶሽን ታገኚው ነበር!

አስጠላሽኝ።

ቻርቱ ላይ ከአንቺ ቀጥሎ ሁለተኛዋ ፈራሚ ደግሞ እኔ ነኝ። "ፈርሚልኝ፣ ሰዓት ሄደ" ስትይኝ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ አራቴ ፈረምኩ። የፈረምሽበትን እስክሪብቶም ያዋስኩሽ እኔው ነኝ።

ምሳሽ ድስቱ ውስጥ አለ።
ስትወጪ ቁልፉን ጎረቤት ጋ ተይው።
ለዋርዱ ኃላፊ ሁሉንም ልነግራት እየሄድኩ ነው፤ የራሴንም ጭምር። ከፈለግሽ ድረሽብኝ።

እማማን "ሲወጋዎት ለምን አልተናገሩም?" አልኳቸው።

"የሕክምና ዕቃ መስሎኝ ነዋ፣ ልጄ። እንዳላበላሽባችሁ ብዬ ችዬ ተኛሁ" አሉኝ።