በማዳም አንደበት ስለተመረመረችው ራቢዓ የቀረበ ምስጋና

አል ዓይን ላይ ለሚገኘው፣ ከአክብሮቴ ብዛት ስሙን ለማልጠራው ክሊኒክ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? እጅዎ የያዘውን ብርጭቆ ሳይለቅ፣ ምላስዎም ሳይተሳሰር ያቆይልኝ። ምርቃቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አል ቃጣራ ሠፈር ሰው ቤት የምትሠራው የወሎዋ ጓደኛዬ ራቢዓ እጇ እየደነዘዘ፣ ምላሷ እየከበደ ነበር ደጃችሁን የረገጠችው።

አንደኛ፣ ስለ መስተንግዷችሁ ላመስግን። የአሠሪያቸውን የማዳምን ሕፃን አቅፋ አብራ የገባችው የሥራ ባልደረባዋ ሙኒራ እንዳጫወተችኝ፣ ወንበሩን ለማዳም፣ ግድግዳውን ለራቢዓ ሰጥታችኋል። ሐኪማችሁም «ምን ይሰማታል?» ብሎ የጠየቀው ማዳምን ነው። የሰው ሕመም ከአሠሪው አፍ የሚደመጥበት ሕክምና የት አገር ይገኛል? ማዳምም «ሰነፍ ናት፤ ሳህን ትሰብርና እጄ ደነዘዘ ትላለች» አለች። ኸላስ! ምርመራው አለቀ።

ሁለተኛ፣ «ነርቭ ነው፤ አገሯ ናፍቋት ነው» ብላችሁ ቫይታሚን ስለሰጣችኋት እጅ እነሣለሁ። ጥርሷ መግል ቋጥሮ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ትኩሳት መጣ ሄድ እንደሚልባት፣ ማዳም እንዳታውቅባት በፓናዶል እያፈነች እንደምትሠራ የምታውቀው ራቢዓ ብቻ ነበረች። አረብኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ግን እሷን ማን ጠይቋት!

ሦስተኛ፣ የልብ ማዳመጫው ሐኪማችሁ አንገት ላይ እጅግ ያምር ነበር አሉ። ደረቷ ላይ ግን አላረፈም። በኋላ አፏ ተጣሞ ስትወድቅ አቡ ዳቢ ሆስፒታል ገባች፤ እዚያ እሷኑ ጠየቋት፣ በተሰባበረ አንደበቷም መለሰች፣ ደረቷንም አዳመጡ። የልቧ ቫልቭ፣ ደም የሚያሳልፈው በር፣ ከጥርሷ በተነሣ ጀርም ተመርዞ፣ ከእሱ የተቆረሰው ቁራጭ ከደሟ ጋር ሄዶ የአንጎሏን ደም ሥር ዘግቶ ኖሯል። እናንተ ናፍቆት ያላችሁት ይህንን ነው።

አሁን ቀዶ ሕክምና እየጠበቀች ነው። በስልክ «እታለም፣ ከልቤ ይልቅ እጄ ነው የሚያስፈራኝ፤ ካልታዘዘልኝ ማን ይቀጥረኛል?» አለችኝ። እርስዎ ሳያዩ በሚመረምር ጥበብዎ ይመልሱላት።

በጥልቅ አክብሮት፣ ከደጃችሁም በብዙ ርቀት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ጸዳለ፣ ከአል ካራማ

ተጨማሪ፦ «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» የሚለው የስልክ መልእክታችሁ ደርሷል፤ እንደ ደንባችሁ ለማዳም። አምስት ኮከብ ሰጥታችኋለች። የራቢዓን ምትክ ስታስመጣም መጀመሪያ እናንተ ዘንድ እንደምታስመረምራት ለሙኒራ ነግራታለች።