የአውሮፕላኑ ከረሜላ

መካኒሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1989

ለልጄ ለውዳሴ፤ በማህፀኔ ያኖረሽ አምላክ በሰው አገርም አይለይሽ። እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። እዚያ ያሉት የአገር ሰዎች የአባትሽን መርዶ እንዳረዱሽ ጽፈውልኛል።

የእድሩ ድንኳን ትናንት ተነሳ። የጎረቤታችን የእትዬ ቡዜ ላም ወልዳለች፤ ወተት ይልኩልኛል፣ ሳልጠጣው ይረጋል።

አባትሽን በኑዛዜው መሠረት ጎንደር፣ እናቱ አጠገብ ቀበርነው። በመኪና ሁለት ቀን ስለሚፈጅ በአውሮፕላን ይዤው ሄድኩ። የአውሮፕላን ድምፅ ስሰማ ከግቢ ወደ ቤት የምሮጠው እኔ! ዳግም አውሮፕላን መሳፈር ፈርተሽ ስምንት ዓመት ሮም የቀረሽው ከእኔ ወርሰሽ ነው። አባትሽም ይህን ያውቅ ነበር፤ አልተቀየመሽም።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ፍርሃቴን ጠበቅኩት፤ አልመጣም። እንባዬም እስከ ዛሬ አልመጣም። ደመናውን እንደ ግድግዳ ዝም ብዬ አየሁት። አስተናጋጇ ከረሜላ ስታዞር ሁለት አነሳሁ፤ አንዱ ለአባትሽ ነበር። እጄ ላይ ይዤው ትንሽ ከቆየሁ በኋላ፣ እሱ ከታች ከሻንጣው ጋር መሆኑ ትዝ አለኝ።

ለሙት ዓመቱ ነይልኝ። እመቤቴ መንገድሽን ታቅናልሽ፣ ከፊትሽ ትቅደም። ከረሜላውን ፖስታው ውስጥ አድርጌልሻለሁ፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ምጠጪው፣ ጆሮ ይከፍታል ብለውኛል። የእኔን በልቼዋለሁ፤ ጣዕሙ ግን አልታወቀኝም። አንቺ መጥተሽ ንገሪኝ።

እናትሽ አምሳለ