አባታችን የጠየቁህ መነጽር

ደብዳቤ መመለስ ለማይወደው፣ እኔ ግን ለምወደው ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ የማይለቅህ ጉንፋንስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከከርከሮው በቀር ያስቸገረን የለም። ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ስለዚህ ይህን በሹፌሩ በሙሉሰው እጅ ልኬልሃለሁ።

የላክኸው የጠመንጃ መነጽር ደርሷል። ያመጣብን ጉድ!

አባታችን ከቡሬ ወዲህ ስማቸው የተጠራ ተኳሽ እንደሆኑ ታውቃለህ። ዘንድሮ ግን ከርከሮ በቆሎውን ሲያርሰው ከማማው ላይ ሆነው ሦስት ጊዜ ተኩሰው ሦስቱንም ሳቱ። መሳታቸውስ ይሁን፤ ከዚያ ወዲህ ሰው መሸሽ ጀመሩ። አያ ገደፋውን፣ የዕድሜ ልክ ጓደኛቸውን፣ ገበያ መሀል ዝም ብለውት አለፉና ተኳረፉ። “አርጅቻለሁ፣ ምንሽሬን እሸጣለሁ” ሲሉም ሰማሁ። ያን ጠመንጃ ከሸጡ እሳቸውም አብረው የሚያልቁ መሰለኝ፣ እውነቴን ነው።

መነጽሩ ሲመጣ አገላብጠው አገላብጠው አዩት። ኋላ “እሽ፣ ይገጠም” አሉ።

ከውትድርና የተመለሰውን ባምላኩን፣ የአክስታችንን ባል፣ አስጠራን። ቡሬ ብየዳ ቤት የመነጽሩን መቀመጫ አሠርቶ በሁለት ቀለበትና በአራት ብሎን ጠመንጃው ላይ አሰረው። ከዚያ “አሁን ዜሮ እናደርገዋለን” ቢል አባታችን ብድግ! ስንት ዘመን የያዝሁትን ጠመንጃ ነው ዜሮ የምታደርገው ብለው ሊነጥቁት ምንም አልቀራቸው። ባምላኩ እየማለ እየተገዘተ፣ ዜሮ ማለት ጥይቱ መነጽሩ ካሳየው ቦታ እንዲያርፍ ማድረግ ነው ብሎ አስረዳቸው።

መቶ እርምጃ ላይ ማዳበሪያ ሰቅለን በከሰል ክብ ሣልንበት። ባምላኩ አሸዋ በሞላው ጆንያ ላይ አስደግፎ ሦስት ተኮሰ፤ ሦስቱም ስንዝር ያህል ወደ ግራ ተጠጋግተው አረፉ። የመነጽሩን የጎን መዘውር ቀጭ ቀጭ አደረጋት። ቀጣዩ ጥይት ክቡ መሀል ገባ፤ እልል አልሁ! ተራው የአባታችን ሆነ። ተኮሱ፤ ጥይቱ ማዳበሪያውን እንኳ አልነካም። ደገሙ፤ ወይ ፍንክች። “ይኸው፣ እንዳልሁት ዜሮ አደረግኸው!” ብለው ጮኹበት።

ባምላኩ ፊታቸውን ልብ ብሎ አየ። ጥይቱን አራግፎ፣ የጠመንጃውን መዝጊያ አውጥቶ ኪሱ ከተተና “ጋሸ፣ ደህና አድርጎ ሲያሳይዎ ተው ይበሉኝ” ብሎ የመነጽሩን የኋላ ቀለበት፣ ለዓይን የሚያጠራውን፣ ማዞር ያዘ። አዞረ፣ አዞረ፣ “ተው!” አሉ። ባዶውን ጠመንጃ እያዟዟሩ ባሕር ዛፉን፣ የጎረቤቱን በሬ፣ የደጃችንን ዶሮ ሳይቀር ስሙን እየጠሩ ሲያዩ በሳቅ ፈረስን። ወዲያው ዓይናቸው ማማው ላይ ሲደርስ ቀጥ አሉ። እናታችን እዚያ ተቀምጣ ነበር፣ ሻሿን አውልቃ።

“አቻምየለሽ ፀጉሯ እንዲህ የነጣው መቼ ነው?” አሉ።

ማንም አልሳቀ። እኔ ዞር ብዬ አለቀስሁ።

ኋላ ለእናታችን ብነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለካ አባታችን በሙሉሰው አፍ “ዒላማ እየጠፋኝ ነው፣ መነጽር ላክልኝ” ብለው ሲልኩብህ የዓይን መነጽር ማለታቸው ኖሯል! ዓይኔ ደከመ ማለቱን አፍረው ነው። አንተም ጀግናው የጠመንጃ ላክህ። አልፈርድብህም፣ እኔም ብሆን እሱኑ ነበር የምልክ።

ለአያ ገደፋው ሮጨ ሄጄ ነገርሁት። “ታዲያ አላየኝም ነበር በይኛ!” ብሎ እየሳቀ መጣ፤ ይኸው ከትናንት ጀምሮ አልተላቀቁም። ምንሽሩን ስለመሸጥ የሚያነሳም የለም።

ቅዳሜ አባታችን ፍኖተ ሰላም ይወርዳሉ። “የመነጽሩ ብሎን ላልቷል፣ አሳይቸው እመለሳለሁ” ይላሉ፤ እኛም አዎ፣ በጣም ላልቷል አልናቸው። ጠመንጃውን ግን ቤት ትተው፣ ዓይናቸውን ብቻ ይዘው ነው የሚሄዱት።

እናታችንም አብሬ ካልሄድሁ ብላለች። ዛሬ ጧት ሰብሊ ዘንድ ሄዳ ሹሩባ ተሠርታ መጣች። ለእኔ ሠርግ እንኳ እምቢ ብላኝ ነበር።

አንተንም ለፋሲካ ስትመጣ ፊትህን አጥርተው እያዩ ይመርቁህ። መንገድህን ያቅናልህ፣ እንጀራህን ያብዛልህ።

የምትናፍቅህ እኅትህ