ስለ ቲና ፍሪሰን አንገትና ስለ ብልሁ ኮምፒውተራችን

ለተከበሩ ዶክተር ኢያን ማክሊሽ፣
የሆስፒታላችን የራጅና የአልትራሳውንድ ክፍል ኃላፊ፣
ማኒቶባ፣ ካናዳ

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቅርቡ ያስገቡልን የአልትራሳውንድ ሥዕል አንባቢ ኮምፒውተር ጤና እንደምን አለ? እኔ፣ በዚህ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አንገት ስመረምር የኖርኩት ቬርና ኮስቲዩክ፣ ቅናት እርር ድብን ካደረገኝ በቀር ደኅና ነኝ። የምቀናበትንም በተራ ቁጥር እንደሚከተለው በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩ኛ. ኮምፒውተሩ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ በስሙ ኬክ ተቆርሶለታል። እኔ ሃያ ዓመት የደፈንኩ ዕለት የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ተሰጥቶኛል፤ ቀኑ ያለፈበት ቢሆንም ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. በስብሰባ ላይ «አይደክመውም፣ አይከራከርም» ብለው ሲያሞግሱት ዓይንዎ እኔ ላይ ማረፉን ልብ ብያለሁ።

፫ኛ. የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሯ ቲና ፍሪሰን ባለፈው ወር ለምርመራ መጣች። አንገቷ ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ እብጠት በአግድም ሳየው ከስፋቱ ይልቅ ጥልቀቱ የሚበልጥ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ነጫጭ ብናኝ የተበተነበት ነበር፤ እንዲህ ያለው እንደሚያሰጋ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። ብልሁ ኮምፒውተር ግን ከላክሁለት ሥዕሎች መካከል ጥርት ያለውን፣ በቁመት የተነሣውን መርጦ፣ በዚያ በኩል ሲታይ ረዘም ብሎ የተጋደመ የሚመስለውን እብጠት «አያሰጋም፣ ከዓመት በኋላ ትመለስ» አለ። እኔ በመርፌ ናሙና ይወሰድላት ብዬ ጽፌ ነበር። እርስዎ የእሱን አጸደቁ።

፬ኛ. ያን ዕለት ቲና አልጋው ላይ እንደተጋደመች ዓይን ዓይኔን እያየች «ቬርና፣ ፊትሽ ልክ አይደለም፤ ንገሪኝ» አለችኝ። ደንባችን ያየነውን ለታካሚ መንገር ስለሚከለክል «ዶክተሩ ይነግርሻል» ብዬ ሸኘኋት። ኮምፒውተሩ ፊት የለውም፤ ማንም አይለምነውም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከኬኩም ከሙገሳውም ይልቅ የቀናሁት በዚህ ነው።

ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ደንቡን ጥሼ ቤቷ ሄድኩና ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ዊኒፔግ ሄዳ በመርፌ እንድትመረመር ነገርኳት። ትናንት እያለቀሰች ደወለችልኝ፤ ካንሰር ነው፣ በጊዜ ተደርሶበታል፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል ብለዋታል ሐኪሞቹ። ይህን ስሰማ፣ ዶክተር፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ አሸነፍኩት ብዬ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን በራሴ አፈርኩ። ለዚያች አፍታ ይቅርታ የምጠይቀው ቲናን እንጂ እርስዎን አይደለም። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ «አያሰጋም» ብሎ የሸኛቸው የሌሎች አርባ አንድ ሰዎች ሥዕል እንደገና በሰው ዓይን ይታይ።

ከኮምፒውተርዎ ቀጥሎ ሁለተኛዋ ታማኝ አገልጋይዎ፣ የዕድሜና የጤና ምኞቴን ከታላቅ ትሕትና ጋር እያቀረብኩ፣
ቬርና ኮስቲዩክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደንብ በመጣሴ የስንብት ደብዳቤዬን ለመጻፍ ሲቀመጡ፣ «አያሰጋም» የሚለውን የቲናን ወረቀት አጠገብዎ ያድርጉት። ግርጌው ላይ ፊርማ አለበት፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ መፈረም አይችልም።