ከፉሪ ማሳ ዳር ጥለውን ለሄዱት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ወንዳፍራሽ፣
የ«ጅረታችን» የወንዞች ጥበቃ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣
ሰበታ

እኔ ድንቅቱ ኢቲቻ፣ በማኅበርዎ የተግባር ልምምድ ካደረግነው ሁለት ተማሪዎች አንዷ፣ ከነቤተሰብዎ ጤናዎ እንዲበዛ፣ መኪናዎም እንደዚያን ቀን ሁሌ ሳታስቸግር እንድትነሳልዎ ከልብ እመኛለሁ።

አንደኛ፣ ስላስተማሩን ላመስግን። ባለፈው ኅዳር፣ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ባለው የገበሬ መሬት ላይ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ ገበሬው ማሳው ዳር የማያውቀውን ሰው ባየ ቁጥር በሚደነግጥበት ሰሞን፣ ሌላዋን ተለማማጅ ሐኒንና እኔን ሜትርና ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል አሸክመው፣ ወንዙ ዳር ችግኝ የሚተከልበትን ቦታ ምልክት እንድናደርግ ይዘውን ወደ ፉሪ ሄዱ። የገበሬ ልጅ ነኝና «ችካል ያየ ሰው መሬቴ ተወሰደ ነው የሚለው፤ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን እናናግር» ብዬ ነግሬዎት ነበር። እርስዎም «ይሄ ሳይንስ ነው፤ እኔ ጋ ፖለቲካ የለም» ሲሉ በትዕግሥት አስረዱኝ። ሳይንሱን ዱላ ይዘው ለመጡት ጎረምሶች የማስረዳቱን ክብር ግን ለእኛ ትተው፣ ከላይ መንገዱ ላይ ሆነው እንዳዩአቸው መኪናዎን አዙረው ሄዱ። ሐኒ ስምዎን እየጠራች ከኋላዎ ሮጣ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከዚያ የሆነውን ስላላዩ ልንገርዎ። አጨዳ ላይ የነበሩ ኦቦ ጋሮማ የሚባሉ አዛውንት በእኛና በዱላው መካከል ገብተው ቆሙ። በኦሮምኛ «እነዚህ ልጆች ናቸው፤ ጥያቄ ካላችሁ የላካቸውን ጠይቁ» አሏቸው። የላከን ሰው ግን እዚያ አልነበረም። ቤታቸው አስገቡን፤ ባለቤታቸው አዴ ወርቅቱ እርጎ ሰጡን፤ ሐኒንማ ብርጭቆውን ራሳቸው ይዘው አጠጧት።

ሦስተኛ፣ ቢሮዎ እንደደረሱ «ነዋሪዎች ሁለት ሠራተኞቼን አገቱብኝ» ብለው ለፖሊስ ማመልከትዎን የሰማነው፣ ፖሊስ መጥቶ ኦቦ ጋሮማን ከገዛ ቤታቸው ሲወስዳቸው ነው። እስከዚያ ቀን ተለማማጆች ነበርን፤ ሠራተኛ ስላደረጉን እናመሰግናለን። «ያዳኑንማ እሳቸው ናቸው» ብለን ጣቢያ ብንመላለስ፣ ያመለከተው ማኅበሩ ስለሆነ እሱ ይምጣና ያስረዳ ተባልን። ቢሮዎ መጥተን ስንለምንዎ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩን «ማኅበሩ እንዲህ ያለ ጉዳይ ውስጥ አይገባም» አሉ። ክቡርነትዎ፣ ሰውየውን ያስገባው ማን ሆነና?

የኦቦ ጋሮማ ጤፍ ማሳ ላይ መርገፍ ጀመረ። ሐኒ ማጭድ ጨብጣ አታውቅም፤ ቢሆንም ዱላ ይዘው ከመጡብን ጎረምሶች ጎን ተሰልፈን የተረፈውን አጨድን። አዴ ወርቅቱ ምሳ ሲያቀርቡልን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ባላቸው የታሰሩት በእኛ ስም ነበርና። በመጨረሻ ተፈቱ። ለምን እንደታሰሩም ለምን እንደተፈቱም የነገራቸው የለም፤ ጉልበታቸው ግን እንደ ድሮው አይታዘዝላቸውም።

የላኩልኝ የምስክር ወረቀት «ከማኅበረሰቡ ጋር ተግባብቶ መሥራት፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል። ማኅበረሰቡን ጠይቀው የሰጡኝ ውጤት ስላልሆነ፣ ከነማኅተሙ በአክብሮት መልሼልዎታለሁ።

ጥለዋት ከሄዱበት በሰው እጅ ተርፋ የተመለሰችው፣
የቀድሞ ሠራተኛዎ
ድንቅቱ ኢቲቻ

ሳልነግርዎ እንዳልቀር፦ ኦቦ ጋሮማ የተፈቱ ዕለት ልጠይቃቸው ብሄድ መጀመሪያ ያሉኝ «ያ ባለመኪናው ሰውዬ ያን ቀን በደህና ቤቱ ገባ ወይ?» ነው። ገብቷል አልኳቸው። «ገለታ ዋቃ፣ ተመስገን» አሉ።